ማንም ባልነበረበት ቤት

ደብረ ታቦር
ጥቅምት 2011 ዓ.ም.

ይድረስ ይፋግ ላለችው ታላቅ እህቴ፣

እታለም፣ እንዴት ከርመሻል? ባለቤትሽስ እንዴት ነው? ሱቁስ? ወገብሽን ያምሻል፣ እንቅልፍም እምቢ ብሎሻል ሲሉ ሰምቻለሁ። የፈጣሪ ቸርነት አይለይሽ። እኔን ከጠየቅሽኝ፣ ከጉና የሚወርደው ብርድ እግሬን እንደ ግንድ ከማድረቁ በቀር ደህና ነኝ። ደብዳቤ ላይ «ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ» እንደሚባል አውቃለሁ፤ አክስታችን ጥሩወርቅ ስታስጽፍ ሁልጊዜ እንደዚያ ትላለች። እኔ ግን አንዲቱን ፊደል በስንት መከራ የማወጣ ሰው ስለሆንሁ ያልተሰማኝን ነገር ለመጻፍ አቅም የለኝም።

ማን ጻፈላት ብለሽም እንዳትደክሚ። እኔ ነኝ የጻፍሁት። አክስቴ ማንበብ አትችልም። ሰላማዊት የምትባል ልጅ አትማልኝ ፖስታ ውስጥ ከታዋለች፤ እንዳታነበው ለምኛት አላነበበችውም። ሰላማዊት ማን እንደሆነች እነግርሻለሁ።

ባለፈው እሑድ ለአክስቴ ስልክ ደወልሽ። አክስቴ እንደ ልማዷ ድምፁን አስጩኻ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው፤ እኔም እንደ ልማዴ ሁሉንም ሰማሁ። እንደገና መያዝሽን ሰማሁ። ያለፉት ሳይቆዩ እንደወረዱ ይህም እንዳይወርድ መፍራትሽን፣ የእማዬ እርግማን ነው የያዘኝ ብለሽ ማልቀስሽን ሰማሁ። አክስቴ ግራ ገብቷት፣ እናትሽ መርቃሽ አይደል እንዴ የሞተችው አለችሽ።  እሷ ሞኝ፣ ልታጽናናሽ ብላ፣ እኔ በኮምፒውተር መጻፍ መጀመሬን አበሠረችሽ። 

ከዚያ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጊላት አልሽ። አክስቴ ስልኩን በግራ ጆሮዬና በትራሱ መካከል ሸጉጣልኝ እሳቷን ልታይ ማድቤት ገባች። ስሜን ጠራሽ። እማዬ ከሞተች ወዲህ ከአፍሽ ስሜን ስሰማ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ፣ እኔ ከወጣሁ በኋላ እማዬ ምን አለች ብለሽ ጠየቅሽኝ።

እታለም፣ ማንም ባልነበረበት ቤት ውስጥ ምን እንደተባለ ነው እኮ የጠየቅሽኝ!

መልሴን ከማግኘትሽ በፊት እንዴት እንደምጽፍ ልንገርሽ፤ ይህን ማወቅ ያለብሽ ምክንያት አለ። ባለፈው ዓመት እዚህ ወዳለው የአካል ጉዳተኞች ማኅበር ሰላማዊት መጣች። ሙያዋ እንደኔ ያለውን ሰው ከኮምፒውተር ጋር ማስታረቅ ነው። አክስቴ በባጃጅ ጭና ወሰደችኝ። ሰላማዊት ስሜን ስትጠይቀኝ አክስቴ መለሰች። ምን ያስደስትሻል ስትለኝ፣ አክስቴ ኧረ እሷ ነገር አይገባትም፣ ሽሮ ግን ስትወድ አለች። ሰላማዊት ፈገግ ብላ እማማ እስኪ ሻይ ጠጥተው ይምጡ ብላ አስወጣቻት። ያን ጊዜ ይህች ሰው ናት አልሁ በሆዴ።

ከዚያ ሙከራ ጀመርን። በአገጭ የሚገፋ ዘንግ አመጣች፤ አገጬ አልታዘዝም አለ። በመዳፍ የምትሽከረከር ኳስ ያላት ማውዝ አመጣች፤ እጄ ተወራጭቶ ቢመታት ኳሷ ተፈናጥራ ቁም ሣጥን ስር ገባች፤ ሁለታችንም በሳቅ ፈረስን። ግንባሬ ላይ ዘንግ አስራ ቁልፎቹን እንድነካ አደረገችኝ፤ አንዱን እነካለሁ ስል ሰፈሩን ሁሉ ደበደብሁት። በመጨረሻ ከወንበሬ ራስጌ፣ ከቀኝ ጆሮዬ አጠገብ፣ የጣሳ አፍ የሚያክል አንድ ቁልፍ ገጠመችልኝ። ከመላ አካላቴ የሚታዘዘኝ ቢኖር ወደ ቀኝ የሚያዘነብለው አንገቴ ነው፤ እሱም ራሱ ስለሚወድ ነው እንጂ ስለማዘው አይደለም።

የኮምፒውተሩ መስታወት ላይ የፊደል ገበታው እንዳለ ተደርድሯል። አንድ ብርሃን ከላይ ይነሣና ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እያለ ቁልቁል ይወርዳል። የምፈልገው መስመር ላይ ሲደርስ ቁልፉን በጭንቅላቴ እነካለሁ። ያን ጊዜ ብርሃኑ ወደ ጎን ዞሮ መ፣ ሙ፣ ሚ፣ ማ እያለ ይሄዳል። የምፈልጋት ላይ ደግሞ ስነካው ፊደሏ ተጻፈች ማለት ነው። ካለፈችኝ ዞራ እስክትመጣ እጠብቃለሁ። ሌላው ሰው ተናዶ ቃል ያመልጠዋል፤ በዚህ መሣሪያ ግን ሳይታሰብ የሚወጣ ቃል የለም። ይህን ልብ በይልኝ።

ማሽኑ የተጻፈውን በድምፅ ያነባል ደግሞ። የሴት ድምፅ ነው፤ ቃሉን እንደ ተለማማጅ ዲያቆን ይጎትተዋል። ለአክስቴ መጀመሪያ ያስነበብሁላት «ሽሮሽ ጨው በዛበት» የሚል ነው። ተንበርክካ እግዚአብሔርን አመሰገነች፤ ስትነሣ አኮረፈች። ከዚያ እኔ ፊት በየዘመኑ ያወራችውን ሁሉ አንድ በአንድ ስታስታውስ ፊቷ ላይ አየሁባት። አሁን የሰው ሐሜት ሲኖራት ውጭ ወጥታ ነው የምታወራው። የእሷን ይቅር ብያታለሁ፤ እሷ አታውቅም ነበር።

አንቺ ግን ታውቂ ነበር።

ብርሃኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እያለ ሲወርድ ጮኼ አለቀስሁ። ሰላማዊት ያመመኝ መስሏት አጠፋችው። አላመመኝም ነበር። አንቺን አይቼሽ ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ከየኔታ ዘንድ ስትመለሺ ያን የወረቀት ገበታ በሊጥ ግድግዳው ላይ ለጥፈሽ፣ እኔን የገብስ ስልቻ አስደግፈሽ፣ አንቺ የኔታ ትሆኚ ነበር። በስንደዶ እየጠቆምሽ ፊደሉን ታዜሚያለሽ። አንድ ቀን ስንደዶው «ው» ላይ ሲደርስ ጮኽሁ። ምን ሆነች ብለሽ ከላይ ጀመርሽ፤ «ሃ» ላይ ስትደርሺ ጮኽሁ። አፍሽን ከፍተሽ አየሽኝ። ከዚያ ሮጠሽ ሄደሽ ውሃ አመጣሽልኝ። በዚያ ቀን የጠጣሁትን ውሃ ያህል የጣፈጠኝ ነገር የለም።

ከዚያ ወዲያ በስንደዶሽ ተናጋሪ ሆንሁ። ቁንጫ በላኝ እላለሁ። ቀሚስሽ አምሮብሻል እላለሁ። የጌጡ ሚስት ዛሬ እማዬን አማቻት እላለሁ፤ አንቺ መሬት ላይ ተንከባለሽ ትስቂያለሽ። በዚህች ምድር ላይ ሰው መሆኔን ያወቅሽ አንቺ ብቻ ነበርሽ።

ለእማዬ እንንገራት ብዬ ለመንሁሽ። እንቢ አልሽ። አእምሮ እንዳላት ካወቁ አስተምሪያት፣ አዋሪያት ብለው ከእሷ ጋር አስረው ያስቀሩኛል አልሽኝ። ይህን ለእኔው ለራሴ ነገርሽኝ፤ እኔም ላንቺ ብዬ ዝም አልሁ። ልጅ ነበርሽ፤ ይሁን። ግን ወረታ ለትምህርት ስትሄጂ ገበታውን ከግድግዳው ላይ ቀደሽ እሳት ውስጥ ከተትሽው። ያም ልጅነት ነው? ሌላ ሰው እንዳያገኘኝ ነው ያቃጠልሽው። ሲነድ አየሁት፤ ጮኽሁም፤ እማዬ ተርባ ነው ብላ ገንፎ አጎረሰችኝ።

ቀጥሎ ኩዌት መጣ። እማዬ ለለቅሶ እብናት በሄደችበት ቀን ደላላው ደጅ ሆኖ ሲያፏጭ ሰማሁ። ውሃ በጣሳ ሞልተሽ፣ ቂጣ ቆርሰሽ አጠገቤ አስቀመጥሽ። እጅ ላለው ሰው የሚደረገውን ሁሉ አደረግሽልኝ። ግንባሬን ሳምሽ፣ በሩን ዘጋሽ፣ ሄድሽ። እማዬ በማግስቱ ስትመለስ ከንፈሬ ተሰነጣጥቆ፣ በራሴው ቆሻሻ ውስጥ ሆኜ፣ ውሃውን ዐይን ዐይኑን እያየሁ አገኘችኝ። ቂጣውን ዶሮዎች ጨርሰውታል።

ደጃፍ ወጥታ፣ ወደ መንገዱ ዞራ፣ ጡቷን ይዛ የረገመችሽ ያን ጊዜ ነው። ያጠባሁሽ ጡት ይፋረድሽ አለች። ብትወልጂም ከእኔ አፍ ለልጅሽ ስም አይውጣለት አለች። በእኛ ቤት የበኩር ልጅ ስም ከአያት አፍ እንደሚወጣ፣ አያት ያልጠራችው ልጅ አይበረክትም እንደሚሉ አንቺም ታውቂያለሽ። ጎረቤቱ ሁሉ ሰማ፤ ወሬውም ኩዌት ድረስ ተከትሎሽ ሄደ።

እንግዲህ ይግባሽ፤ የተረገምሽው በእኔ ሰበብ ነው። ጥማቱ የእኔ ነበር። ለማንም አስረክቤው አላውቅም። እማዬ እኔን ሳትጠይቅ ረገመችሽ፤ ኋላም እኔን ሳትጠይቅ... እዚህ ላይ ላቁም።

የዛሬ ሁለት ዓመት ክረምት እማዬ ስትደክም መጣሽ። ከኩዌት ተመልሰሽ፣ ይፋግ ላይ አግብተሽ፣ ልጅ አልቆም ብሎሽ፣ ወንዛዬ ፍል ውሃ ተመላልሰሽ፣ ያልረገጥሽው ጠበል ሳይኖር ነው የመጣሽው። ይፋግ እኮ በወረታ ዞሮ ለሚመጣ ሰው ሩቅ አገር አይደለም፤ የመንገዱን ርቀት ያወቅሽው ሞቷ ሲቃረብ ነው። እግሯን ይዘሽ ፍቺኝ አልሻት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አንቺ ስትንሰቀሰቂ እኔ፣ አልዋሽሽም፣ ደስ አለኝ። እሰይ አልሁ።

ትንፋሿ ሲለወጥ ደነገጥሽ። ኔትወርክ አልነበረም። ሳትናዘዝ እንዳትሞት የነፍስ አባቷን መምሬ ይርጋን ልትጠሪ በዝናብ ሮጥሽ። በሩ ጋ የተነጠፍሁትን እኔን ተራምደሽኝ ነው የወጣሽው። አይዞሽ አላልሽኝም፤ ጠብቂያት እንኳ አላልሽኝም።

አንቺ ከወጣሽ በኋላ እማዬ ፊቷን ከግድግዳው መለሰች። ዕድሜ ልኳን ላሟን እንደምታዋራ ስታዋራኝ የኖረች እናቴ ያን ቀን እንደ ሰው አዋራችኝ። ረጅም ነገር ነው የተናገረችው፤ በየመካከሉ ታርፋለች። ምን እንዳለች አልነግርሽም። በመጨረሻ ንገሪያት ማለቷን ብቻ ልንገርሽ። አፍ የሌለኝን እኔን ንገሪያት አለችኝ! ሌላ ሰው ስላጣች ይሁን ወይስ ከመጀመሪያውም አውቃኝ ይሁን፣ ይህን ሳስብ እውላለሁ። አደራሽን ብላ ደገመችው። ከዚያ ዝም አለች፤ ዝናቡ ብቻ ቀረ።

ከመምሬ ይርጋ ጋር ስትደርሺ እጮኽ ነበር። ምን እያልሁ እንደምጮኽ ማወቅ የምትችይ አንቺ ብቻ ነበርሽ፤ አንድ ስንደዶ ማንሣት ይበቃ ነበር። መምሬ ይርጋ አስከሬኑን አይተው አማተቡና የመጨረሻ ቃሏን ተናዝዛለች ወይ አሉ። ተናዝዛለች አልሽ። ከመውጣቴ በፊት እርግማኗን ፈትታልኛለች፣ መርቃኛለችም አልሽ። እማኝ አለ ወይ፣ ማን ነበር ቤት ውስጥ ብለው ጠየቁሽ። ማንም አልነበረም፣ እኔና እሷ ብቻ ነበርን አልሽ። ይህን ስትናገሪ እጄን ረግጠሽው ቆመሽ ነበር። ጩኸቴ ሲበረታ አስከሬን ፊት ነውር ነው፣ ይህችን ማድቤት ውሰዱልኝ አልሽ። ጎረቤታችን ሞላና ወንድሙ ተሸክመው አወጡኝ። የእናቴን ለቅሶ ማገዶ መካከል ሆኜ ሰማሁ። አንቺ ደረት እየመታሽ፣ መርቃኝ የሄደችው እናቴ እያልሽ ታለቅሺ ነበር፤ ሰውም ምን ያህል ታደለች እያለ አብሮሽ አለቀሰ።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። ያንቺ አልቀለለሽም። አገሩ ሁሉ መርቃት ሞተች ብሎ ሲያምን፣ እንዳልመረቀችሽ አንቺ ታውቂያለሽ። አንቺ የያዝሽው ፊቷን ወደ ግድግዳ ስታዞር ያየሽውን ጀርባዋን ነው። ሆድሽ ባዶ በቀረ ቁጥር የሚታይሽም እሱ ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን የማውቅ ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ። ዝም አይነቅዝም፤ ይኸው ሆዴ ውስጥ ተቀምጦ አልነቀዘም።

የእማዬን ቃል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጽፌ ማሽኑ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ቁልፉን አንዴ ብነካው ያነበዋል። እሑድ ስትጠይቂኝ ማሽኑ ፊቴ ተከፍቶ ነበር። ስልኩ በግራ ጆሮዬ፣ ቁልፉ በቀኝ ጆሮዬ። ጭንቅላቴን እንደ ልማዱ ዘንበል ማድረግ ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። እባክሽ አልሽኝ። በእማዬ ሞት አልሽኝ። ጥርሴን ነክሼ አንገቴን ወደ ግራ ያዝሁት። እየተንቀጠቀጠ ያዝሁት። አንገቴ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ታዝዞኝ አያውቅም። ስልኩን እስክትዘጊው ድረስ ያዝሁት፤ ማታ አክስቴ ቅቤ ስትቀባኝ አመሸች።

አሁን የምፈልገውን ስሚ። ኅዳር ሚካኤል የእማዬ የጽዋ ማኅበር ተራ እዚህ ቤት ነው። መምሬ ይርጋ ይመጣሉ። ሞላም ይመጣል፤ ያን ቀን የነበሩት ሁሉ ይመጣሉ። አንቺም ነይ። ጸሎቱ ካለቀ በኋላ በመካከላቸው ቁመሽ፣ እናታችን ስትሞት ቤት ውስጥ እህቴ ነበረች በይ። ስለ ውሸትሽ አትናገሪ፤ እሱ የአንቺና የነፍስ አባትሽ ጉዳይ ነው። እህቴ ነበረች ማለት ብቻ ነው።

ከዚያ ማሽኑን አላስከፍትም። የወረቀት የፊደል ገበታ ከገበያ አስገዝቼ በሊጥ ግድግዳው ላይ አስለጥፌዋለሁ። ስንደዶ ይዘሽ ነይ። በራስሽ እጅ ትጠቁሚያለሽ፣ እኔ እጮኻለሁ፣ አንቺም እማዬ ያለችውን ፊደል በፊደል እየለቀምሽ በራስሽ አፍ ለማኅበሩ ታነቢያለሽ። እንዴት ማንበብ ቻልሽ ብለው ይጠይቁሻል። ከመቼ ጀምሮ ታውቂ ነበር ይሉሻል። መምሬ ይርጋ መነጽራቸውን አውልቀው ያዩሻል። ያን ጊዜ ፊትሽን ማየት እፈልጋለሁ። ይህን ምኞት ሳላምጥ የዋልሁበት ቀን የለም።

ካልመጣሽ አልመጣሽም። አደራ በላ አትበይኝ፤ አድርሺ ተባልሁ እንጂ መቼ እንደማደርስ አልተነገረኝም። አርጅተሽ ጆሮሽ ሲደነቁር አደርሰዋለሁ። ያም ማድረስ ነው።

ደብዳቤ ያለ ምርቃት አይዘጋምና፣ መንገድሽን ያቅናልሽ። ወንዛዬ እንዳትሄጂ፤ ሰላማዊት ያ ሁሉ ሙቀት ለእርጉዝ አይሆንም ብላኛለች። ስትመጪም ከወረታ ወዲህ ከሹፌሩ አጠገብ ተቀመጪ፣ ኋላው ያንገጫግጫል። ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ። ሚካኤል በክንፉ ይጋርድሽ፤ አንቺንም ማሬንም በሰላም አገላግሎ ያሳየኝ።

ማሬ ማነው ብለሽ እንዳትደውዪ፣ አልመልስልሽም። በዚህ መሣሪያ ሳይታሰብ የሚወጣ ቃል እንደሌለ ነግሬሻለሁ። የበኩር ልጅ ስም ከማን አፍ እንደሚወጣ ታውቂያለሽ። ስሙም ከእኔ አፍ አልወጣም፤ እኔ አፍ የለኝም።

እዚያ የነበረችው
ታናሽ እህትሽ